ሦስተኛው ሰውዬና የአያ እንድሪስ ሳህን

ልጅ ሳለሁ ከቀኑ ሁሉ አብልጬ የምወደው ከመግሪብ ሶላት እስከ ኢሻ ያለውን አጭር ጊዜ ነበር። ቆቦ ያኔ መብራት እንደ ልብ አልነበራትም። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታ፣ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው መሬት ገና ሙቀቱን ሳይለቅ፣ እናቴ ለትንኝ ማባረሪያ ብላ ደጃፉ ላይ ኩበት ታጨሳለች፤ እኛ ደግሞ ዓይናችን እያነባ፣ እያሳለን፣ በማሳላችንም እየተሳሳቅን የአባቴ አጎት የአያ እንድሪስ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ኩራዙ መደርደሪያው ሥር ይበራል፤ ምድጃው ላይ የማሽላ አገዳ ይነዳል። የማሽላ አገዳ እሳት የቸኮለ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ወዲያው ይወድቃል፤ ስለዚህ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ በተራ አገዳ እየሰበርን መጨመር ነበረብን።

አያ እንድሪስ ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣቸውም እንደ አገዳው እሳት ነድዶ የሚጠፋ ሰው ነበሩ። ተረት ሲያወሩ ታዲያ እንደ ሌላው ሽማግሌ ከልባቸው እያወጡ አልነበረም። እያነበቡ ነበር። የሚያነቡት ደግሞ ሳህን ነበር።

ሳህኑ ሞላላ፣ ሰፊ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ሸክላ ነው፤ በጥፍር ሲመቱት እንደ ቃጭል ይጮሃል። በነጩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተስሎበታል፤ ከላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ ከሥራቸው ቅርንጫፉን ውሃ ላይ የደፋ ዛፍ፣ የጣሪያው ጫፍ ወደ ሰማይ የተቆለመመ ቤት፣ አንድ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይም ተከታትለው የሚሄዱ ሦስት ሰዎች። ከዳሩ እስከ መሀሉ ስንጥቅ አለበት፤ ስንጥቁን ሦስት የብረት ማያያዣዎች ጠርቅመው ይዘውታል። የአያ እንድሪስ አባት ከአፋር የጨው ነጋዴዎች ጋር ሲወርዱ ሲወጡ የኖሩ ሰው ነበሩና፣ ለሙሽራቸው ስጦታ ብለው ሳህኑን ከባሕሩ ጠረፍ ጭድ ውስጥ ቀብረው በግመል አመጡት። ያን ሁሉ መንገድ በደህና መጥቶ፣ ግመሉ የገዛ ደጃቸው ላይ ሲንበረከክ ተሰነጠቀ። የጠገነው የሴት ቀለበት የሚሠራ አንጥረኛ ነው አሉ።

«ያን ሁሉ በረሃ ችሎ ደጃችን ላይ ተሰነጠቀ» ይሉና ይስቃሉ አያ እንድሪስ። «ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚሰበረው ቤቱ ሲደርስ ነው።»

ወፎቹ ግሪሳ ናቸው ብለን ተከራክረን ነበር። የራያ ልጅ ወፍ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ማሽላው ነው። «ግሪሳማ አይደሉም» አሉን። በአንድ ዘመን ወፍ ሁሉ ማሽላ ላይ ሲወርድ፣ ማማው ላይ ወፍ የምትጠብቀው የሙት ልጅ ደክሟት ተኝታ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን የሙት ልጅ እህል አንበላም ብለው ማማዋ ላይ ቆመው ሌሎቹን ሲያባርሩላት ዋሉ፤ ወገኖቻቸው ተቆጥተው ስላባረሯቸውም መጥተው ሳህን ላይ ሰፈሩ። ያ በር የማይታይበት ቤት ደግሞ እንግዳ የሚፈራ ሀብታም ቤት ነበር። ሰው እንዳይመጣበት በሩን ከውስጥ ሆኖ ካስመረገው በኋላ ራሱ መውጫ አጥቶ፣ ጎረቤት በጣሪያው ቀዳዳ ዳቦ እየወረወረለት ኖረ። ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቁ ነበር።

ሁለት ደንብ ነበራቸው። የኢሻ አዛን ሲሰማ ተረቱ ያለበት ቦታ ይቆማል፤ አንበሳው አፉን እንደ ከፈተ፣ ልጅቷ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ቆመች። «አላህ ሲጠራ ጅብም ይጠብቃል» ብለው ይነሳሉ። ሁለተኛው ደንብ፣ ሳህኑ ከሌለ ተረት የለም። ብንለምን፣ ብናለቅስ፣ «ሳላነብ ምን ላውራ? ልዋሽ?» ይሉናል።

ሳህኑ ደግሞ ሁልጊዜ ቤታችን አይኖርም ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ እማማ በላይነሽ የሚባሉ ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩን። የእሳቸው እናትና የአያ እንድሪስ እናት በልጅነታቸው ውሃ አብረው የቀዱ ጓደኛሞች ናቸው። በአንድ አረፋ ከእኛ ቤት ዳቦ በዚያ ሳህን ተላከ። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነውና ለእንቁጣጣሽ ማር ተሞልቶ መጣ። ማር በልቶ ዝም ማለትም ነውር ነውና በሚቀጥለው በዓል ተምር ይዞ ሄደ። እንዲህ ሲላላኩ ሁለት ትውልድ አለፈ። በእኛ በዓል ይሄዳል፣ በእነሱ በዓል ይመጣል፤ ሳህኑ የእኛ ቢሆንም ግማሽ ዕድሜውን የኖረው እነሱ ቤት ነው። የማይጫንበት ሥጋ ብቻ ነበር። የሙስሊምና የክርስቲያን ቢላዋ ለየብቻ ነውና፣ ሥጋ የነካው ዕቃ በዚያኛው ቤት አይቀርብም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እንደ ቀኝና ግራ እጄ የማውቀው ነገር ነበር። ያጠፋሁትም እያወቅሁ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው ሰኔ ላይ ነው። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ምሽቶች አያ እንድሪስ የድልድዩን ሰዎች ጀመሩልን። ፊተኛው በትር የያዘው የጠፋች ግመል ሊፈልግ የወጣ ነው፤ እሷን በአንድ ምሽት አገኘልን። ሁለተኛው ያጣላቸውን ሰዎች ሊያስታርቅ የሚሮጥ ነገረኛ ነው፤ እነሱንም በአንድ ምሽት አስታረቀ። በዋዜማው ሦስተኛው ላይ ደረስን። ሣጥን ተሸክሟል። ሽፍታ ቢያስቆመው ሣጥኑን አልከፍትም አለ፤ ጎርፍ ቢወስደው ሣጥኑን ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ ዋኘ፤ ርቦት ሊሞት ሲል እንኳ አልከፈተውም። በመጨረሻ ድልድዩ መሀል ላይ አንዲት አሮጊት አስቆመችውና «ልጄ፣ ምንድነው የያዝኸው?» አለችው። ሰውዬው ሣጥኑን አወረደ። ክዳኑን ያዘ።

አዛን ሆነ።

አያ እንድሪስ ሳህኑን መደርደሪያው ላይ መለሱና ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። እኔ ግን የታየኝ ክረምቱ ነበር። ነገ አረፋ ነው፤ ሳህኑ እማማ በላይነሽ ቤት ይሄዳል፤ የእነሱ በዓል ደግሞ መስከረም ነው። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ያን ሁሉ ዝናብ ሰውዬው ክዳን ይዞ ሊቆም ነው። አያ እንድሪስም ከበጋ ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ነበርና፣ እናቴ ለአባቴ «ክረምቱን መውጣታቸውን እንጃ» ብላ ስታንሾካሹክ ሰምቼ ነበር።

በማግስቱ ታርዶ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እናቴ ሳህኑ ላይ ዳቦና ተምር ደርድራ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና «ሳትሮጪ ውሰጂ» ብላ ሰጠችኝ። እኔም ዕቅዴን ይዤ ነበር። ሥጋ ከተገኘበት እነሱ ሊያስቀሩት አይችሉም፤ «ተሳስታችኋል» ብለው ወዲያውኑ ይመልሱታል፤ ለመግሪብ መደርደሪያው ላይ ይሆናል፤ ሣጥኑ ይከፈታል። ከወጥ ቤት ያነሳሁትን መዳፌን የሚያህል ሥጋ ዳቦው ሥር ሸጎጥሁት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ለእኔ ይመስለኛል።

እማማ በላይነሽ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ለከርሞው ያድርሰን፣ ፋጤዬ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ልጃቸው ወርቄ፣ እኩያዬ ናት፣ ከጀርባቸው ሆና ተምሩን ታይ ነበር። እየሮጥሁ ተመልሼ ደጃችን ላይ ተቀመጥሁ። መግሪብ ሆነ፤ ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እማማ በላይነሽ በአጥሩ ላይ እንደ ወትሮው ሰላምታ ሰጡን፤ ስለ ሳህኑ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱ።

ክረምቱ እንዲያ አለፈ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ አያ እንድሪስ ጠዋት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሁልጊዜ ሳህኑን የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። የሰፈሩ ሴት ልጆች አበባ ይዘው እየዘፈኑ አለፉ። ፀሐይ ከረረች። እናቴ ምሳ ግቡ አለቻቸው።

«ትንሽ ልቆይ፤ በላይነሽ ትመጣለች» አሉ።

አልመጡም። ለመስቀልም እንዲሁ ተቀምጠው ዋሉ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ፍየላችን ሽንኩርቷን የበላች ጊዜ ስቄ ነበር እንዴ?» ይላሉ። ሌላ ቀን፣ «ባሏ ሲሞት ሦስቱን ቀን ተቀምጫለሁ፤ አራተኛውን ቀረሁ መሰለኝ» ይላሉ። አባቴ አንድ ቀን መሮት፣ «ታዲያ ሄጄ ልጠይቃታ!» ሲል እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«የሰጡት ሳህን ይጠየቃል? ሳህን ስጡኝ ብሎ የሞተ ሽማግሌ ልታሰኘኝ ነው?» አሉና ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ቀስ ብለው፣ «ሳህኑ ይቅር። እናቴ የከፈተችውን ደጅ ዘግቼ መሄዴ ነው ያንገበገበኝ» አሉ።

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። እኔ የፈለግሁት አንድ ክዳን እንዲከፈት ነበር፤ የዘጋሁት ግን ደጅ ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅ ወለምታ በምን እንደሚታሽ የሚነግረኝ አልነበረም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቴን አልፌ እማማ በላይነሽ ቤት ገባሁ። ግቢያቸው ውስጥ ከማሳ የመጣ የማሽላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር። ሰላምታ ሳልሰጥ «ሥጋውን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልሁና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

እጃቸው ቆመ። «አንቺ ነሽ?»

«ተረቱ አላለቀም ነበር። ትመልሱታላችሁ ብዬ ነው።»

የያዙትን እሸት አስቀመጡ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥለው የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ። «እኔ እኮ አያ እንድሪስ ናቸው ብዬ!» አሉ። «እርጅና ተጭኗቸው፣ ዕቃ መለየት አቅቷቸው ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስሁ መሰለሽ! ሥጋውን ማንም ሳያይ ለሙስሊሙ እንጨት ፈላጭ ሰጠሁት። ሳህኑን በአመድ ፈትጌ አጠብሁት። ግን ብመልሰው በሚቀጥለው በዓል ደግመው ይሳሳታሉ፤ ያን ጊዜ ልጆቼ ያዩባቸዋል፤ ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ዘንድ ካለ ግን በምን ይሳሳታሉ? በዚህ ነው የያዝሁት። ሳህን አስቀረች ብለው ይሙኝ እንጂ የእሳቸው ስም አይነሳ ብዬ።»

ያኔ ሁሉም አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ አንድ ሽማግሌ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት፣ አንዳቸው ለአንዳቸው ክብር ሲሉ አራት ወር ሙሉ ዝም ብለው ሲያለቅሱ ነበር። የሁለቱም እንባ የእኔ ሥራ ነው።

እማማ በላይነሽ እሸቱን ጠብሰው ሳህኑን ሞሉና በአንድ እጃቸው ሳህኑን፣ በሌላው እኔን ይዘው መጡ። አያ እንድሪስ ድምፃቸውን ሲሰሙ ከአልጋቸው ተነስተው ቁጭ አሉ።

«አያ እንድሪስ፣ ይማሩኝ፤ እሸት እስኪደርስ ብዬ ዘገየሁ» አሉ እማማ በላይነሽ። እጄን ጨበጥ አድርገው ነበር። ሊሸፍኑልኝ መሆኑ ገባኝ፤ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የሽማግሌው ፊት በአንድ ጊዜ እንዲያ ሲበራ እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

ከዘራቸው ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ዱላው ግን አልወረደም፤ ዓይኔን ስገልጥ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቁ ነበር። ስቀው ስቀው፣ ስለው ስለው፣ «ወላሂ፣ ለሦስተኛው ሰውዬ ስትል!» አሉ። ከዚያ ወደ እማማ በላይነሽ ዞሩ። «እቴ በላይነሽ፣ አርጅቷል ብለሽ አለቀስሽልኝ?»

«አለቀስሁ እንጂ።»

«እኔም ጠላችኝ ብዬ አለቀስሁ» አሉ። ሌላ አልተባለም። አብረው እሸት በሉ።

መግሪብ ተሰገደ። እማማ በላይነሽ አልሄዱም፤ ወንድሞቼ አገዳ ሰበሩ፤ እሳቱ ቦግ አለ። አያ እንድሪስ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ድልድዩ መሀል ላይ አቆሙ።

«ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እኔም አላውቀው፣ ፋጤ» አሉ። «እናቴም እዚህ ስትደርስ አዛን ይሆን ነበር።»

«ኧረ!» አሉ እማማ በላይነሽ። «የእኔም እናት እዚህ ስትደርስ ራት ቀረበ ትል ነበር።»

ለካ በዚያ ቤትም ሳህኑ ይነበብ ኖሯል። ለካ እኛ ተረት አጥተን በምናዝንበት ወራት፣ ከአጥሩ ወዲያ ወርቄ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያንኑ ሰውዬ ትጠብቅ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ይህ አላጽናናኝም። ለዚህ ነው ወይ ያን ሁሉ ያደረግሁት ብዬ ተንጨርጭሬ አለቀስሁ። አያ እንድሪስ ጸጉሬን እያሻሹ «አብሽሪ» ይሉኝ ነበር።

አያ እንድሪስ የገና በዓል ሳይደርስ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት አባቴን ጠርተው ሳህኑን ለእኔ እንዲሰጠኝ ነገሩት። ወንድሞቼ ከመካከላችን ለዚህች ለአጥፊዋ ነው ወይ ብለው አጉረመረሙ። «አንዴ አጥፍታበታለች፤ ሁለተኛ አታጠፋበትም። ሌላችሁን አላውቅም» አሏቸው አያ እንድሪስ።

ዛሬ እኔም ቆቦ ላይ ጨርቅ የምነግድ፣ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ሰፈራችን መብራት ገብቶለታል፣ ባጃጁ ከአጥሩ ሥር ሲጮህ ያመሻል፤ የማሽላ አገዳ የሚያነድም ጥቂት ነው። እማማ በላይነሽ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘችው ወርቄ ናት። ሳህኑ በእኛ በዓል ይሄዳል፣ በእነሱ በዓል ይመጣል። ከደሴ የመጣ አንድ ነጋዴ ሊገዛው ጠይቆኝ ነበር፤ በተራው እነሱ ቤት ስለነበረ «እዚህ የለም» ብዬ መለስሁት። ቢኖርም መልሴ ያው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነቱ አገራችን ላይ ሲደርስ፣ አረፋን በዋልን በጥቂት ቀን ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ወርቄ ባሏ ከአልጋ የማይነሳ ነበርና ቀረች። ከወራት በኋላ ስንመለስ በራችን ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ፣ ከዕቃ አንዲት ማንኪያ አልቀረችልንም። ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ ልቅሶም አልመጣልኝ አለ። አመሻሽ ላይ በሩ በነበረበት በኩል ወርቄ ገባች። ከስታለች፤ ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። በሁለት እጇ ሳህኑን ይዛለች። በጋቢ ጠቅልላ ጓሮዋ ቀብራ ነው ያቆየችው፤ በስንጥቁ ውስጥ አሁንም ጥቂት አፈር ነበረበት። ሳህኑ መሀል ላይ አንድ እፍኝ የማሽላ ቆሎ አለ።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ እህል የሚባል እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ወርቄ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው? ለባልሽ አትሰጪውም?» አልኋት።

«ተይ እንጂ» አለች። «ባዶ ሳህን ይዤ ልምጣ?»

ያን ምሽት ቆሎውን እየቆጠርን ከልጆቼ ጋር በላን። ታናሿ ልጄ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድልድዩ ላይ ስላለው ሰውዬ ጠየቀችኝ። ስለ ሽፍታው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ረኃቡ፣ ስለ አሮጊቷ ነገርኋት፤ ሰውዬው ክዳኑን ሲይዝ አዛን ሆነ፤ መብራት ስላልነበረ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በሰው ጉሮሮ ብቻ። ልጄ እንደኔው ተቆጣች። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ባዶ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።